ከሰዓት በኋላ የማይታይ ሕመም

ናይሮቢ በሐምሌ ትበርዳለች። ሰማዩ እንደደመነ ይውላል፤ በቶም ምቦያ ጎዳና ዳር ሹራብና የሱፍ ቆብ የሚሸጡ ልጆች ገበያ ይደራላቸዋል። እህቴ የልጇን ማነከስ ያስተዋለችው በዚያው ሰሞን ስለነበር ነገሩን ከብርዱ ጋር ለማያያዝ ጊዜ አልፈጀባትም። «ብርድ መቷት ነው» አለችና እናታችን ታደርግልን እንደነበረው ጉልበቷን በቫዝሊን አሽታ በሻርፕ ጠቀለለችላት።

ልጅቱ ገና አራት ዓመት አልሞላትም። ግራ ጉልበቷ ከቀኙ ወፈር ብሏል፤ ግን አልቀላም፣ ሲነኩትም ለብ ከማለት በቀር አያቃጥልም። ትኩሳት የላትም። «ያምሻል?» ስትባል «አያመኝም» ትላለች። ምሳዋን በልታ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደረጃ ለደረጃ ስትሯሯጥ ያያት ሰው ታማለች ብሎ አይጠረጥርም።

ደብረ ማርቆስ ያለችው እናታችን በስልክ የራሷን ምርመራ ጨርሳ ነበር። «ወለምታ ነው። እዚያ አገር ወጌሻ ጠፋ?» አለች። የእህቴ ባል በጨዋታ መሃል «ምናልባት ቁርጥማት ይሆን?» ቢል ሳቀችበት። «ቁርጥማት የሽማግሌ ነው ልጄ፤ ሕፃን ምን ቁርጥማት ያውቃል!» በዚህ አባባሏ እናታችን ብቻዋን አልነበረችም። ሁላችንም የምናምነው እሱን ነው፤ ከሁላችንም መሃል አንዳንዶቹ ነጭ ጋዋን የለበሱ ነበሩ።

እህቴና ባሏ መሃል ከተማ ውስጥ የልብስ ሱቅ አላቸው። ጠዋት ጠዋት ሱቁን የሚይዝላቸው ሰው ስለሌለ ልጅቱ ሐኪም ቤት የምትሄደው ረዳታቸው ከመጣች በኋላ፣ ከምሳ ወዲህ ነበር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ራጅ አዘዘ። አጥንቱ ደህና ነው፣ ስብራት የለም፣ ወድቃ ይሆናል ተባለና የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ተሰጣት። ራጁ አልዋሸም። ራጅ አጉልቶ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ የእሷ ሕመም ግን አጥንቱ ላይ አልደረሰም። የታመመው መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ሲቆጣ ይወፍራል፣ ፈሳሽም ያመነጫል፤ ጉልበቱን ያሳበጠው ፈሳሹ ነው። አጥንቱና ጫፉን የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት መጎዳታቸው በራጅ የሚታየው ብዙ ከዘገየ በኋላ ነው። በጊዜው የተነሳ ንጹሕ ራጅ ስብራት አለመኖሩን ይናገራል እንጂ የልጅን መገጣጠሚያ ጤነኛ ነው ብሎ አይመሰክርም።

ቀጥሎ የታየችበት ቦታ ደም ተወሰደላት። በጉሮሮ ባክቴሪያ መያዝን የሚጠቁመው ምልክት ከፍ ብሎ ተገኘና የሩማቲክ ትኩሳት ተጠረጠረ፤ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ ታዘዘ። ይህ ጥርጣሬ በእኛ የዓለም ክፍል ከንቱ አይደለም። አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ የሕፃናት ክፍል ውስጥ የሠራ ሐኪም በሩማቲክ ትኩሳት የልብ ቫልቫቸው የተበላሸ ልጆችን አይቷል፤ መገጣጠሚያውን ያመመው ልጅ ሲመጣለት አስቀድሞ ለልቡ ቢፈራለት አይፈረድበትም። ግን የሩማቲክ ትኩሳት ጠባዩ ሌላ ነው። ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ሕመሙ አላስነካ ይላል፣ አስፒሪን ሲሰጠው በጥቂት ቀናት ይለቃል። የእኛዋ ጉልበት ሳምንታት ቢያልፉም ከቦታው አልተነቃነቀም። ያ የደም ምልክትም ጉሮሮውን ታሞ በዳነ ጤነኛ ልጅ ሁሉ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ሌላ ሐኪም ደግሞ ቲቢ ፈራ። እሱም አልተሳሳተም፤ አንድ ጉልበት ብቻ ቀስ እያለ ሲያብጥ ቲቢን ሳያጣሩ ማለፍ አይገባም። ተጣራ፤ አልተገኘባትም። እንግዲህ ሁሉም የፈሩትን ፈርተው የየድርሻቸውን አጣርተዋል። ልጅቱ ግን እንዳነከሰች ናት፤ ያውም እነሱ በማያዩበት ሰዓት።

ቋጠሮውን የፈታችው ስፔሻሊስት አልነበረችም። መስከረም ላይ ልጅቱን ጉንፋን ያዛትና ሌሊቱን ስትስል አደረች። እህቴ የዚያን ቀን ሱቁን ዘግታ ገና በማለዳው በሞይ ጎዳና አቅራቢያ ፎቅ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ወሰደቻት። የተቀበለቻቸው ክሊኒካል ኦፊሰር ናት። በኬንያ ክሊኒካል ኦፊሰር ማለት ሐኪም በሌለበት የሚመረምር፣ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ሴትዮዋ ሳሉን ከመጠየቋ በፊት ሌላ ነገር ዓይኗ ገባ።

«ማማ፣ ይህን የምታህል ልጅ ለምን አዘልሻት?»

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ ናት። ኋላ ይለቃታል።»

«ከቀን እንቅልፍ ስትነሳስ?»

እህቴ ትንሽ አሰበች። አዎ፣ ያኔም ታነክሳለች። ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ውስጥ ብዙ ተቀምጣ ስትወርድም እንዲሁ።

«እስካሁን ያዩአት ሐኪሞች በስንት ሰዓት ነው ያዩአት?»

ከሰዓት በኋላ! ሁሉም ያዩአት ከሰዓት በኋላ ነው። የተቆጣ መገጣጠሚያ ሳይንቀሳቀስ ሲያድር ይተሳሰራል፤ ልጁ ተነስቶ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ደግሞ ይፍታታል። ለዚህ ነው የወደቀ ልጅ ብዙ በሮጠ ቁጥር ሲብስበት መገጣጠሚያው የተቆጣ ልጅ እየሮጠ የሚሻለው። «አያመኝም» ማለቷም አያስገርምም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሕመሙን መናገር ትቶ አካሄዱን ያስተካክልለታል፤ ጉልበቱን አጥፎ መያዝ ይለምዳል፣ ከዚያ ውጭ ሌላ ጉልበት መኖሩን ይረሳል።

ክሊኒካል ኦፊሰሯ ልጅቱን መሬት ላይ አቆመቻትና ጨዋታ የሚመስል ነገር ጀመረች። በእግርሽ ጣት ሂጂ፤ በተረከዝሽ ሂጂ። እጅሽን ዘርግተሽ ሰማይ ንኪ። መዳፍሽን ለጸሎት እንደምትገጥሚው ግጠሚ። ጣሪያውን እዪ። ሦስት ጣትሽን አፍሽ ውስጥ ማስገባት ትችያለሽ? ልጅቱ እየሳቀች ሁሉንም አደረገች፤ መጨረሻ ላይ አልጋ ላይ ስትጋደምና ሴትዮዋ ሁለቱን ጉልበቶች ወደታች ስትጫን ግን ቀኙ ከፍራሹ ገጠመ፣ ግራው ከሥሩ እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ትቶ ቀረ። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ ሁለቱን እግሮች ለካች። የታመመው እግር ከጤነኛው ረዘም ብሎ ተገኘ። እህቴ ሜትሩን ራሷ ይዛ ደግማ ለካች። የቆየ ብግነት ወደ ጉልበቱ ብዙ ደም ስለሚስብ እዚያ ያለው የአጥንት ማደጊያ ይፈጥናል፤ አንድ ትንሽ እግር በዚህ ምክንያት ከወንድሙ ቀድሞ ያድጋል።

ይህ ጨዋታ ስም አለው። ፒጋልስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር ኒውካስል በፕሮፌሰር ሔለን ፎስተር ቡድን የተዘጋጀና በሁለት ደቂቃ ገደማ የሚያልቅ የልጆች መገጣጠሚያ ምርመራ ነው። ማላዊ ውስጥ ብላንታየር በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ተሞክሮ ለአፍሪካም እንደሚሠራ ታይቷል። በኬንያም ኡዌዞ የተባለ ፕሮጀክት ነበር፤ ፕሮፌሰር ኦሞንዲ ኦዮ ከእንግሊዝና ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የጤና ባለሙያዎችን የመገጣጠሚያ ምርመራ ያሠለጠኑበት ነው። ማንም የሚሠራው ምርመራ ነው፤ ሜትር፣ አልጋና ትዕግሥት ካለ ይበቃል።

«መቼ ጀመራት?»

«ብርዱ ሲገባ። አሁን መስቀል አልፏል።»

ሴትዮዋ ስድስት ሳምንት ማለፉን ብቻ ነበር ማወቅ የፈለገችው። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አንድ መገጣጠሚያው ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ተቆጥቶ ከቆየ፣ ሌላ ምክንያትም ካልተገኘለት፣ በሽታው የልጆች አርትራይተስ ይባላል። የዓለም ሩማቶሎጂስቶች፣ ማለትም የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤድመንተን ላይ ተሰብስበው ያጸኑት ትርጉም ይህ ነው። ለእህቴም አስረዳቻት፦ ትኩሳት ኖሯት ጉልበቷ ቢቀላና አላስነካ ቢል የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ነበር የምንሮጠው፤ ሌሊት ሕመሙ የሚቀሰቅሳት፣ የገረጣች፣ የከሳች ብትሆን የደም ካንሰርን እንፈራ ነበር። ከዚያ ወረቀት ሳበች። «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሥራም አይደለም» አለችና ሁለት ቦታ ጻፈችላት። አንዱ ለልጆች ሩማቶሎጂስት ነው። ሁለተኛው ለዓይን ሐኪም፤ ከጎኑ «በዚህ ሳምንት» የሚል ተጨምሮበታል።

ማታ ወረቀቱን አሳየችኝ። «ወንድምዓለም፣ ያመማት ጉልበቷን፤ ዓይኗን ምን ያደርግልኛል?»

እኔም አላወቅሁም። ግን ሩማቶሎጂስት ፍለጋው ቀናት ስለሚወስድ የቀረበውን አስቀደምንና ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። የልጅቱ ዓይን ነጭ እንደ ወተት ነው፤ አይቀላም፣ አያነባም፣ ብርሃን አይጠላም። ሐኪሙ አገጯን ስሊት ላምፕ በሚባለው ማጉያ ላይ አሳርፎ ክፍሉን አጨለመና ቀጭን ብርሃን ወደ ዓይኗ ላከ። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ እኔን ጠርቶ ከጎን ባለችው ማያ እንዳይ ፈቀደልኝ። በመስኮት በገባ የፀሐይ ጮራ ውስጥ አቧራ ሲንሳፈፍ እንደሚታየው፣ ብሌኗ ፊት ባለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ውስጥ ጥቃቅን ነጥቦች ይዋኛሉ። የብግነት ሴሎች ናቸው። ገና ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን መኖር የለባቸውም።

ይህ ዩቪያይተስ ይባላል። በልጆች አርትራይተስ፣ በተለይ ጥቂት መገጣጠሚያ ባመማቸው ትንንሽ ሴት ልጆች ላይ፣ ያለ አንዳች ሕመም ይመጣል። ሕፃን «አንዱ ዓይኔ ደበዘዘብኝ» አይልም። ቤተሰብ የሚያውቀው ብሌኑ ቅርጹ ሲበላሽ ወይም ሞራ ሲጋርደው ነው፤ ያኔ የጠፋውን እይታ መመለስ ከባድ ነው። በጊዜው ከተገኘ ሕክምናው የሚጀመረው በስቴሮይድ ጠብታ ነው። ክሊኒካል ኦፊሰሯ «በዚህ ሳምንት» ብላ የጻፈችው ለዚህ ነበር። ጉልበት ለወራት ቢታገስ ዓይን አይታገስም።

ከዚያ በኋላ የእህቴ ፍለጋ መልኩን ለወጠ። እስከዚያ ድረስ ዘመድ ወዳጅን ትጠይቅ የነበረው «ጎበዝ የአጥንት ሐኪም ታውቃላችሁ?» እያለች ነው። ጥያቄው ከሥሩ የተሳሳተ ስለነበር መልሱ ሁሉ ወደ ተሳሳተ በር ይወስዳት ነበር። አሁን የምትፈልገው የሙያ ስም በእጇ ነው።

ያ ሙያ ከየት እንደመጣ ያነበብኩት ሩማቶሎጂስቷ ዘንድ ተራዋን በምንጠብቅበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል የተባለ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ያገኛቸውን 22 ልጆች ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ልጆች የሚይዛቸው የመገጣጠሚያ በሽታ ከአዋቂዎቹ የተለየ መሆኑን አሳየ፤ የአንዳንዶቹ ጣፊያና እጢዎች ጭምር ያብጡ ነበር። የእናታችን «ቁርጥማት የሽማግሌ ነው» በለንደን ከተሻረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። በአፍሪካ ግን ለረጅም ጊዜ በሽታው ብርቅ ነው ሲባል ኖረ። ብርቅ የነበረው የሚያየው ሐኪም ነው።

ናይሮቢ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞቻችን ቀድማለች። ዶክተር አንጄላ ሚጎዋ የተባሉ ኬንያዊት የሕፃናት ሐኪም በካናዳ ሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ በልጆች ሩማቶሎጂ ሠልጥነው ተመልሰው በፓርክላንድስ በሚገኘው የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ለሙያው በአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ናቸው። የአፍሪካ ሩማቶሎጂ ሊግ የሕፃናት ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ፓፍላር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን፣ በሬድ ክሮስ የሕፃናት ሆስፒታል፣ ፕሮፌሰር ክርስቲያን ስኮት ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችን በዚሁ ሙያ አሠልጥነዋል። በዚያው በ2019 ማርች 18 የወጣቶች የሩማቲክ በሽታዎች ቀን ሆኖ መከበር ጀመረ። ከስቲል ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ከ120 ዓመት በላይ አልፏል።

ተራችን ደረሰ። ያየቻት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው የማለዳውን ቪዲዮ ነው። ክሊኒካል ኦፊሰሯ እንድንቀርጽ መክራን ስለነበር እህቴ በስልኳ ይዛዋለች፤ ከአልጋ ስትወርድ፣ ግድግዳ ይዛ ስትራመድ፣ ግራ እግሯን እየጎተተች ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ። ሐኪሟ ደጋግማ አየችው። ከዚያ በእጇ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ዳሰሰች፤ የመንጋጋውንና የጣቶቹን ሳይቀር።

የደም ምርመራው ኤኤንኤ የተባለው ምልክት መኖሩን አሳየ፤ ይህ ዓይን አብዝቶ መጠበቅ እንዳለበት የሚያስጠነቅቅ ነው። በሽታውን ራሱን «ይኸው» ብሎ የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ግን የለም። የአዋቂዎቹ የሩማቶይድ ምርመራ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ምንም አያሳይም፤ «ደሟ ንጹሕ ነው፣ አርትራይተስ አይደለም» ተብሎ ብዙ ልጅ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በዚህ ነው። የሚያረጋግጠው የሐኪም እጅና የቤተሰብ ታሪክ ነው።

ሕክምናው ከፈራነው ቀለለ። ልጅቱ ለጥቂት ደቂቃ እንድታንቀላፋ ተደርጎ ፈሳሹ ከጉልበቷ ተቀዳ፤ በምትኩ ትሪያምሲኖሎን ሄክሳሴቶናይድ የተባለ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ስቴሮይድ ተወጋ። ስለ ዓይኗ ሲባልም ሜቶትሬክሴት ተጀመረላት። እህቴ ወረቀቱን ስታነብ «የካንሰር መድኃኒት!» ብላ ደነገጠች። መድኃኒቱ ለካንሰርም ይሰጣል፤ ለአርትራይተስ የሚሰጠው መጠን ግን እጅግ ያነሰ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው። ለልጆች እንደሚሠራ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ሐኪሞች የጋራ ጥናት የታየው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ርካሽ ነው፤ ማቅለሽለሹን ፎሊክ አሲድ ያቀልላታል፤ ጉበቷና ደሟ በየጊዜው ይታያል። ትልቁ አደጋ መርሳት ሳይሆን ተሳስቶ በየቀኑ መስጠት ስለሆነ እህቴ ካላንደሩ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜን በቀይ አከበበች።

ይህ ካልበቃ ቀጥሎ ያለው ባዮሎጂክ የሚባለው ወገን ነው፤ አዳሊሙማብን የመሰለው። ዋጋው የቤተሰብን ወገብ ይሰብራል። የዓለም ጤና ድርጅት የልጆች መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር በልጆች መገጣጠሚያ በሽታ ርዕስ ሥር ለረጅም ዘመን አስፒሪንን ይዞ ኖሮ አዳሊሙማብን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ዝርዝሩ ላይ መግባት መድኃኒቱን ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጠውም፤ መንግሥታት ምን እንግዛ ብለው ሲመክሩ የሚገልጡት ወረቀት ግን እሱ ነው።

ልጅቱ አሁን ጠዋት በእግሯ ትነሳለች። ጉልበቷ ተዘርግቷል፤ በጠብታው ዓይኗ ውስጥ የነበሩት የብግነት ሴሎች ጠፍተዋል። ድናለች አንልም፤ በሽታው ተኝቷል ነው የምንለው። በየሦስት ወሩ ዓይኗ ይታያል፤ ይህ ለዓመታት ይቀጥላል።

ለእናታችን በስልክ ስንነግራት አላመነችም። «ሕፃን ቁርጥማት ይይዘዋል?» አለች። «ይይዘዋል እማዬ።» ትንሽ ቆይታ የልጅነት ጎረቤቷን አነሳችልን። ያቺ ልጅ ጉልበቶቿ ታጥፈው ቀርተው በእጇ እየተሳበች አድጋ፣ ኋላም ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ሰፈርተኛው ግማሹ ቡዳ በልቷት ነው፣ ግማሹ የእናቷ ኃጢአት ነው ይል ነበር። «እንግዲህ ያቺም ይኸው ይሆን?» አለች እናታችን። መልስ አልነበረንም። ዛሬ በዚያች ልጅ ጉልበት ላይ የሚፈርድ የለም፤ ጉልበትና ዓይን አብረው መታመማቸው ግን ከዚህ በሽታ ጋር የሚገጥም ነው።

ወሬው በሐበሻው ዘንድ ከተሰማ ወዲህ እህቴ ጋ ስልክ ይደወላል፤ ከናይሮቢው ኢስሊ ሰፈርም ከአዲስ አበባም። ሁሉም የሚጠይቋት የሐኪሙን ስም ነው። እሷ ግን ስሙን አታስቀድምም። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ቅረጿት ትላለች። የጀመራትን ቀን ጻፉ፤ ስድስት ሳምንት ካለፈ ወለምታ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ከሰዓት ቀጠሮ ከሰጧችሁ የጠዋት ለምኑ። ትኩሳት ካላትና ጉልበቷ ከቀላ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ የዚያኑ ዕለት ሂዱ። አዲስ አበባ ካላችሁ በጥቁር አንበሳ የሕፃናት ክፍል ገብታችሁ ሩማቶሎጂ የሚያውቅ ሰው እንዲያያት በስሙ ጠይቁ። የስፔሻሊስቱ ወረፋ ረጅም ነው፤ ዓይኗን በስሊት ላምፕ የሚያይ ሐኪም ግን በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በጎንደርም አለና ወረፋው እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ነገ ሂዱ።